ትንሽም፣ የምትታይም ታራንቱላ

ጥያቄው የመጣው ከሜሪላንድ ነው። ጠያቂው ተማሪ ነው። እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ከስምንት ወር በፊት ሲሪዮኮስመስ ኤሌጋንስ የምትባል ድንክ ታራንቱላ፣ ማለትም ፀጉራም ሸረሪት፣ ገዛሁ። ፎቶዋን አይቼ ነው የወደድኳት። ሆዷ ላይ የልብ ቅርጽና የነብር መስመር አላት። የገዛኋት ገና ጫጩት ሳለች ነው። እስካሁን ያየኋት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። እናቴ ‹አፈር ነው እንዴ የምትቀልበው?› ትለኛለች። አሁን ሌላ ልገዛ ነው። ክፍሌ ጠባብ ስለሆነ ትንሽ ዘር መሆን አለባት፤ ግን የምትታይ እፈልጋለሁ። አንድ ጓደኛዬ ‹ዛፍ ላይ የሚኖሩትን ግዛ፣ እነሱ አይቆፍሩም› አለኝ። ሌላው ደግሞ ‹አፈሩን ቀንስባት፣ በግዷ ትወጣለች› አለኝ። የትኛውን ልስማ? ያለችኝንስ ምን ላድርጋት?»

አፈሩን አትቀንስባት። ሌላውን ሁሉ ከማስረዳቴ በፊት ይህ ይያዝልኝ። ቆፋሪ ሸረሪት አፈር ሲያጥራት ወጥታ አደባባይ ላይ አትቀመጥም። መደበቂያ ፍለጋ ትንከራተታለች። ከዓመታት በፊት ይህንኑ ምክር ሰምቼ ሞክሬዋለሁ። ለአንዲት ሲሪዮኮስመስ አፈሩን ወደ አንድ ጣት ውፍረት አወረድኩት። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች የሳጥኑን ግድግዳ ስትዞር አደረች። ከዚያ የውሃ ዕቃዋ ሥር ገባችና ዙሪያውን በድር ደፈነችው። መብላት ተወች። ሆዷ እየቀነሰ፣ እንደ ዘቢብ እየተጨማደደ ሄደ። አፈሩን መልሼ ስሞላላት በሁለት ሌሊት ቆፍራ ገባች። በሳምንቱ በላች። ጥፋቱ የእኔ ነበር። አንተ አትድገመው።

ጎሬው ለእሷ መኝታ ብቻ አይደለም። ከታች ያለው አፈር እርጥበት ይይዛል፤ ከላይ ያለው ቶሎ ይደርቃል። ከታች ሙቀቱ ብዙ አይለዋወጥም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቅርፊቷን የምትጥለው እዚያ ነው። ታራንቱላ የምታድገው አሮጌውን ቅርፊት አውልቃ በአዲስ እየተካች ነው። አዲሱ እስኪጠና ድረስ ሰውነቷ ለስላሳ ነው። የመርዝ ጥርሷ እንኳ ነጭና ልፍስፍስ ይሆናል። በዚያ ሰዓት አንዲት ፌንጣ ልትነክሳትና ልትገድላት ትችላለች። ከዓይን ራቅ ብላ መዝጋት የምትፈልገው ለዚህ ነው። ጎሬ ከልክለህ የምታያት ሸረሪት የተጨነቀች ሸረሪት ናት።

አሁን ወደ ዋናው ስህተት ልምጣ። የመረጥካት በቀለሟና በመጠኗ ነው። ሲሪዮኮስመስ ኤሌጋንስ ከቬንዝዌላና ከትሪኒዳድ የመጣች ናት። አድጋ እንኳ እግሯ ከጫፍ እስከ ጫፍ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቆንጆ ናት። ግን ቆፋሪ ናት፤ ተፈጥሮዋ ነው። ድንክነቷ ደግሞ ለመደበቅ ይገፋፋታል። ትልቅ ታራንቱላ ጎሬዋ አፍ ላይ ተዘርግታ ብትቀመጥ የሚደፍራት ጥቂት ነው። 5 ሴንቲ ሜትር የምታክለዋን ግን ወፍ ይለቅማታል፣ እንሽላሊት ይውጣታል፣ መቶ እግር ጎሬዋ ድረስ ገብቶ ይበላታል፣ ጉንዳን ይወራታል። «ትንሽ ስለሆነች ትንሽ ቦታ ይበቃታል» የሚለው ልክ ነው። «ትንሽ ስለሆነች ቶሎ ትለምዳለች፣ ትታያለች» የሚለው ግን ተገላቢጦሽ ነው። ከድንኮቹ አብዛኞቹ ተደባቂ ናቸው።

ዕድሜዋም አለ። ይህን ሥራ የምንሠራ ሰዎች ከእንቁላል ከወጣች ብዙም ያልቆየችውን ሸረሪት «ስሊንግ» እንላታለን። ስሊንግ ማንንም አታምንም። አድገው ቀኑን ሙሉ ውጭ የሚቀመጡ ዘሮች እንኳ በስሊንግነታቸው ይቆፍራሉ። ቆፋሪ ዘር በስሊንግነቷ ገዝተህ በስምንት ወር ሁለት ጊዜ ካየሃት ምንም የጎደለ ነገር የለም። እናትህንም ይህንኑ ንገራቸው። አፈሩ ውስጥ ሸረሪት አለች፤ እያደገች ነው።

የጓደኛህ የዛፍ ሐሳብ ግማሹ ልክ ነው። ዛፍ ላይ የሚኖሩት አብዛኛውን ጊዜ አይቆፍሩም። አይቆፍሩም ማለት ግን ይታያሉ ማለት አይደለም። ታይፎክሌና ሴላዶኒያን ውሰድ። ዛፍ ላይ ከሚኖሩት ታራንቱላዎች በጣም ትንሿ ናት ማለት ይቻላል፤ ቀለሟ ደግሞ ጌጥ ነው። በብራዚል ባህያና ሰርዢፒ ግዛቶች ትኖራለች። ታዲያ ይህች ሸረሪት የዛፉ ቅርፊት ላይ ድርና የቅርፊት ብናኝ ቀላቅላ መዝጊያ ያለው ቤት ትሠራለች። መዝጊያው ሲገጠም ከግንዱ አትለየውም። ገዝተህ ሳጥን ውስጥ ብታስገባት ግንድ ነው የምታየው። በርከት ብለው የሚታዩት የዛፍ ዘሮች፣ ለምሳሌ የማርቲኒክ ደሴቷ ካሪቤና ቨርሲከለር፣ ድንክ አይደሉም። አየርም በብዛት ይፈልጋሉ። እርጥበት ይኑራት ብለህ ሳጥኑን ከደፈንክባት፣ በተለይ ስሊንግ ከሆነች፣ ልታጣት ትችላለህ። ለአንተ አሁን አልመክራትም።

ታዲያ በምን ትምረጥ? ሻጩን «ምን ያህል ታድጋለች?» ከማለትህ በፊት «ቤቷን በምን ትሠራለች?» በለው። መልሱ ሁሉንም ነገር ይነግርሃል። አንዳንዷ ቤቷን በአፈር ትሠራለች፤ ትቆፍራለች፣ ትጠፋለች። አንዳንዷ ቤቷን በድር ትሠራለች፤ ከመሬት በላይ በድንጋይና በጭራሮ መካከል እያደራች መተላለፊያ ታበጃለች። ይህችኛዋ ቤቷ ራሱ ከላይ ስለሆነ ትታያለች። ሦስተኛዋ ደግሞ የተገኘ ድንጋይ ወይም እንጨት ሥር የምትጠለል፣ ለግንባታ ብዙም የማትደክም ናት። እሷ ስትረጋጋ ውጭ መዋል ትወዳለች።

«መታየት» ስትልም የምትጠብቀውን አስተካክል። ታራንቱላ የሌሊት እንስሳ ናት። አድፍጣ ነው የምታድነው። የምትታይ የምትባለዋ እንኳ ለሰዓታት ሳትነቃነቅ ትቀመጣለች። እንደ ዓሣ ወዲያ ወዲህ አትልልህም። ከትምህርት ቤት ስትገባ ጥግዋ ላይ ተቀምጣ ታገኛታለህ፤ ማታ ስትተኛ እዚያው ናት ወይም ጥቂት ተጠግታለች። ይህ የሚያስደስትህ ከሆነ ቀጥል።

በድር ከሚሠሩት ድንኮች እኔ የምወዳት ዶሊኮቴሌ ዲያማንቲኔንሲስ ናት። የብራዚል ናት። ስሟን ያገኘችው ሚናስ ዤራይስ ግዛት ውስጥ ካለችው ከዲያማንቲና ከተማ ነው። ሳይንስ የመዘገባት በቅርቡ፣ በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። እግሯ ከጫፍ እስከ ጫፍ 7 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ሰማያዊነቷ ቀለም የተቀባ ብረት ይመስላል። የእኔዋ ሳጥን የጽሕፈት ጠረጴዛዬ አጠገብ ነው። ምሽት ላይ ከድር ቧንቧዋ አፍ መጀመሪያ ብቅ የሚሉት የሁለት እግር ጫፎች ናቸው። ድሩ ላይ ዘርጋ አድርጋ ታሳርፋቸዋለች። ዓይኗ ደካማ ነው፤ ስምንት ዓይን ቢኖራትም የምታየው በጭላንጭል ነው። የምትሰማው በእግሯ ነው። ፌንጣዋን ከወዲያኛው ጫፍ እጥላለሁ። ፌንጣዋ አንድ እርምጃ ስትራመድ የእግሯ ጫፍ ትር ይላል። ሁለተኛ ስትራመድ ሸረሪቷ አቅጣጫ ታስተካክላለች። ሦስተኛውን አላየሁትም፤ ፌንጣዋ አፏ ውስጥ ናት፣ እሷም ወደ ቧንቧዋ ተመልሳለች። ይህን በየሳምንቱ አያለሁ፣ አልሰለቸኝም።

ግን አንተ አሁን ዶሊኮቴሌ አትግዛ። ምክንያቱ ፍጥነቷ ነው። ብዙዎቹ የአሜሪካ አህጉር ታራንቱላዎች ሲፈሩ ከሆዳቸው ላይ የሚያሳክክ ፀጉር ይረጫሉ። እሷ ይህ መሣሪያ የላትም። ያላት ሩጫ ነው። ክዳኑን በከፈትክበት ቅጽበት ክንድህ ላይ፣ ከዚያ ከሶፋው ሥር ልትሆን ትችላለች። ያንተ ሲሪዮኮስመስ ጎሬዋ ውስጥ ስለምትውል ሩጫ መያዝን አላስተማረችህም። እናትህም እዚያው ቤት ናቸው። አንድ ቀን ብታመልጥህ ሳሎኑን ሁሉ ማገላበጥ ነው፤ ሸረሪቷም ጫማ ሥር ልትገባ ትችላለች። ሁለት ዓመት ቆይተህ ብትገዛት ደስ ይለኛል።

ኒዮሆሎቴሌ ኢንሴይም የድር ሠራተኛ ናት። የትሪኒዳድና የቬንዝዌላ ናት፤ 6 ወይም 7 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች። በመቻቻሏ ትታወቃለች፤ ብዙ ሆነው በአንድ ድር ውስጥ ሲኖሩ የሚያሳዩ አርቢዎች አሉ። አንተ አትሞክረው። መቻቻላቸው ምግብ እስካለ ነው፤ እርስ በርስ መበላላት አለ። ሌላው ችግሯ ድሩ ራሱ ነው። ሲቆይ ይወፍራል። መጀመሪያ ስስ ሻሽ የነበረው በወራት ውስጥ እንደ ጋቢ ይሆናል። ከዚያ እንደ ጥላ ስታልፍ ብቻ ታያታለህ። እንደ ዶሊኮቴሌ ሁሉ ፈጣን ናት፣ ፀጉርም አትረጭም። ወንዶቹ ደግሞ ቶሎ ጎልማሳ ሆነው ቶሎ ያልፋሉ።

ሌሎቹን በአጭሩ። በብርቱካናማ ሆዷ ላይ ባሉት ጥቁር ነጠብጣቦች «ዱባ» የምትባለው የኮሎምቢያዋ ሃፓሎፐስ ሽያጭ ላይ በብዛት ትታያለች። ታደራለች፣ ትቆፍራለች፣ ትሮጣለች። ትልቋ ዓይነት እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ስለምትሄድ ድንክ ማለት ይከብዳል። ኮቺያና ብሩኒፔስ ደህና ምርጫ ናት። ብቸኛ ዘር ሆና የራሷ ወገን የተሰጣት በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። የብራዚል ናት፣ እግሯ ወደ ሮዝ ያደላል፣ ስታድግ ወጣ ትላለች። ግን በአብዛኛው የምትገኘው በስሊንግነት ነው፤ እስክታድግ ደግሞ ያንኑ የምትማረርበትን ችግር ትደግምልሃለች። የአፍሪካ ልግዛ ካልክ የታንዛኒያዋ ሄቴሮቴሌ ቪሎሴላ አለች። ድንክ ናት፣ ድርም ታበዛለች። ነገር ግን የአፍሪካዎቹ የሚያሳክክ ፀጉር ስለሌላቸው መከላከያቸው መሸሽና መንከስ ነው። ለጀማሪ አይሆኑም።

እኔ ለአንተ የምመክረው ሆሞዮማ ቺሌንሲስን ነው። ብዙ ሻጮች አሁንም በድሮ ስሟ «ኡዋትለስ ሬድ» ይሏታል፤ «የቺሊ ነበልባል» የሚሏትም አሉ። አንድ ሸረሪት ናት፤ ሦስት ዋጋ ሲነገርህ እንዳትደናገር። የቺሊ ናት። አድጋ ከ7 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትሆናለች። ሰውነቷ ጠቆር ያለ ነው፤ ሆዷ ላይ ያለው ፀጉር ግን እንደ ፍም ይቀላል። ከድንኮቹ ሁሉ ለመታየት ጥያቄህ የምትቀርበው እሷ ናት። ከለመደች በኋላ መጠለያዋን ትታ ሜዳው ላይ ትውላለች። አካሄዷ ቀስ ያለ ነው። አንድ እግሯን ታነሳለች፣ ትዳስሳለች፣ ታሳርፋለች፣ ከዚያ ሌላውን። ክዳን ሲከፈት ብዙዎቹ ታራንቱላዎች ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ይህችኛዋ ብዙ ጊዜ ወደ መቆንጠጫው ጠጋ ትላለች። የማወቅ ጉጉት አላት ይሏታል አርቢዎች። ጉጉት ይሁን አይሁን እኔ አልከራከርም፤ አለመሸሿን ግን አይቻለሁ።

ከእሷ ጋር ስትኖር የምትቀበላቸው ነገሮች አሉ። በጣም ቀስ ብላ ነው የምታድገው። ስሊንግ ገዝተህ ትልቅ እስክትሆን ዓመታት ትጠብቃለህ። ጾመኛ ናት። ደህና እያለች ለወራት ምግብ ልትተው ትችላለች። ይህ ጀማሪን ያስጨንቃል። የምታየው ሆዷን ነው፤ ከፊተኛው የሰውነት ክፍሏ የማያንስ ክብ ሆድ ካላትና ውሃ ካላት ተዋት። ያልበላችውን ፌንጣ በሚቀጥለው ቀን አውጣላት። ሙቀት አትወድም። ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ተራ የቤት ሙቀት ይስማማታል። ለእሷ ማሞቂያ ምንጣፍ እንዳትገዛ። በተለይ ከሥር የሚሞቅ ነገር ክፉ ነው፤ ሸረሪት ሙቀት ሲበዛባት የምታውቀው መላ ወደ ታች መቆፈር ነው፤ ከታች ደግሞ የሚጠብቃት ያው ሙቀት ነው። በበጋ ሳጥኗ መስኮት ላይ አይሁን።

የሚያሳክከው ፀጉር አላት። ረጋ ያለች ስለሆነች አትረጭም ብለህ አትዘናጋ። ቆዳህ ላይ ሲያርፍ እንደ ሳማ ነው፤ ያሳክካል፣ ያልፋል። ዓይን ውስጥ ከገባ ግን ቀልድ አይደለም። ጥቃቅን ዘንግ ስለሆነ ይሰካል። ሳታሽ በብዙ ውሃ እጠበው፣ ከዚያ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ሳጥኑን ስታጸዳ ፊትህን አታስጠጋ። እጅህን ሳትታጠብ ዓይንህን አትንካ።

እጅ ላይ ማውጣት አያስፈልግም። ቪዲዮ ላይ ይህችኑ ዘር መዳፋቸው ላይ አድርገው የሚያሳዩ ታያለህ። እሷ ከዚያ የምታተርፈው ነገር የለም። የታራንቱላ ሆድ በስስ ቆዳ የተያዘ ነው። ከደረት ከፍታ ብትወድቅ ሊፈነዳ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ማዳን አይቻልም። ለዚሁ ሲባል የሳጥኑ ቁመትም ይለካል። ከአፈሩ እስከ ክዳኑ ያለው ርቀት ከእግሯ ስፋት አንድ ተኩል እጥፍ አይብለጥ። መስታወት ላይ ወጥታ ብትወድቅ እንኳ አትጎዳም።

ሳጥኑን እንዲህ አዘጋጅላት። ጎንና ጎኑ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ክዳኑ በደንብ የሚገጠም፣ የአየር ቀዳዳ ያለው ይበቃታል። አፈሩ ደረቅ ያለ ይሁን፣ ከ8 ሴንቲ ሜትር አያንስ። ቆፋሪ ባትሆንም መቆፈር ከፈለገች ትቆፍር። ብዙ ጊዜ ምርጫው ያላት ሸረሪት ናት ተረጋግታ የምትወጣው። የቡሽ ቅርፊት ቁራጭ አጋድመህ ግማሹን ቅበርላት፤ አፉ ወደ አንተ ወደ ፊት መስታወቱ ይዙር። ሁሉም ሰው መጠለያውን ኋላ ጥግ ላይ ያደርገዋል፣ ከዚያ አትታይም ብሎ ያማርራል። አፉን ወደ አንተ ስታዞረው መጠለያዋ በር ላይ ብትቀመጥም ታያታለህ። ሰፋ ያለ ጠፍጣፋ የውሃ ዕቃ ይኑራት። ስፖንጅ አታስገባበት፤ ቆሻሻ ይሰበስባል።

የምታስቀምጥበት ቦታ ከሳጥኑ እኩል ዋጋ አለው። የምትሰማው በእግሯ ነው ብያለሁ። እናትህ ቡና በሙቀጫ የሚወቅጡበት ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጣት በእያንዳንዱ ምት መሬቷ ይናወጣል። ፍሪጅ ላይም፣ ድምጽ ማጉያ አጠገብም፣ በር ሥር ያለ መደርደሪያ ላይም እንደዚያው። እንዲህ ያለ ቦታ የተቀመጠች የምትታይ ዘር ተደባቂ ትሆናለች፣ ባለቤቷም ዘሯን ይወቅሳል። ከባድ፣ የማይነቃነቅ መደርደሪያ ምረጥ። ቡናው ሲፈላ የሚጨሰው ዕጣንም ወደ ሳጥኗ በቀጥታ አይሂድ። የበረሮ መርጨት ደግሞ እሷ ባለችበት ክፍል ፈጽሞ አይረጭ። በረሮን የሚገድለው መርዝ እሷንም ይገድላል። የውሻና የድመት ቁንጫ መድኃኒት የነካ እጅም እንዲሁ። ይህን ለቤተሰቡ ሁሉ አስቀድመህ ንገር፤ የሚረጨው ሰው አንተ ላትሆን ትችላለህና።

ስትገዛ ስሊንግ አትግዛ። ቢያንስ 4 ሴንቲ ሜትር የደረሰች፣ ሴትነቷ የተረጋገጠ ፈልግ። ማረጋገጫው ወሬ አይደለም። የጣለችው ቅርፊት የሆድ ክፍል ውሃ ተነክሮ ሲዘረጋ በማጉያ መነጽር ይታያል፤ ጥሩ ሻጭ ፎቶውን ያሳይሃል። ሴቷ ብዙ ዓመት ትኖራለች። ወንዱ ግን የመጨረሻውን ቅርፊት ከጣለ በኋላ ሴት ፍለጋ ይንከራተታል፤ ከዚያ ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ «ትልቅ ሴት» ተብዬ የገዛሁት ጎልማሳ ወንድ ሆኖ አራት ወር ነው የቆየው። እንዳይደርስብህ አፏ አጠገብ ያሉትን ሁለት አጫጭር እጆች እይ። ጫፋቸው የቦክስ ጓንት እንዳጠለቀ ካበጠ ጎልማሳ ወንድ ነው።

በቤት የተራባች መሆኗንም ጠይቅ። ከቺሊ ተይዘው የተሸጡ ብዙ ናቸው። በቀስታ የሚያድግ እንስሳ ከዱር ሲለቀም ቦታው ቶሎ ይራቆታል። ከዱር የመጣችው ደግሞ ዕድሜዋ አይታወቅም፣ ጥገኛ ትልም ይዛ ልትመጣ ትችላለች። የብራዚሎቹ ነገር የባሰ ነው፤ ብራዚል ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዱር የተያዙ እንስሳትን ንግድ በሕግ ከልክላለች። ዋጋው ውድ ቢሆንም፣ ሁለት ሦስት ወር መቆጠብ ቢያስፈልግህም፣ እናቷንና መቼ እንደተፈለፈለች ከሚያውቅ ሰው ግዛ።

ድንክ መሆኗ የግድ ካልሆነ አንድ ሌላ መንገድ አለ። ክሮማቶፔልማ ሳያኒዮፑቤሰንስ፣ በእንግሊዝኛ «ግሪን ቦትል ብሉ»፣ በአጭሩ «ጂቢቢ» የሚሏት፣ የቬንዝዌላ ፓራግዋና ልሳነ ምድር ናት። እስከ 13 ሴንቲ ሜትር ትሄዳለች። እግሯ ሰማያዊ፣ ሆዷ ብርቱካናማ ነው። ከመሬት በላይ ድር ታደራና እላዩ ላይ ትውላለች። ለመታየት ከእሷ የሚበልጥ ጥቂት ነው። የምትፈልገው ሳጥን 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጠባብ ያልከው ክፍል መደርደሪያ ካለው ይህ ብዙ ልዩነት አያመጣም። ፈጣንና ድንጉጥ ስለሆነች ግን ለአንተ ሁለተኛ አደርጋታለሁ። ቦታህን ለካና አስብበት። ቦታ ከሌለህ ሆሞዮማ ቺሌንሲስን ውሰድ።

ስላለችህ ሲሪዮኮስመስ። አትሽጣት፣ ቆፍረህም አታውጣት። ቤቷን ብታፈርስባት ከዜሮ ትጀምራለች፣ ከዚያ ደግሞ ለወራት አታያትም። ሳጥኗ ጠቧት የምታዛውራት ጊዜ ሲደርስ አዲሱን ሳጥን ከፍ ባለ አፈር ሙላ፤ 10 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከፊት መስታወቱ ጋር አጣብቀህ በእርሳስ ዘንበል ያለ ቀዳዳ ጀምርላት። አብዛኛውን ጊዜ የተጀመረውን ትቀጥላለች። መስታወቱ እንግዲህ የጎሬዋ አንድ ግድግዳ ሆነ። በውጭ በኩል ጥቁር ወረቀት ለጥፍበት፣ ጨለማ ይሁንላት። ልታያት ስትፈልግ ወረቀቱን ቀስ ብለህ ገለጥ አድርገህ ተመልከት፣ መልሰህ ሸፍን። በዚህ መንገድ ቅርፊቷን ስትጥል ያየ ሰው አለ፤ እኔም አንዱ ነኝ። በጀርባዋ ተገልብጣ ነበር። የሞተች መስሎህ እንዳትነካት።

እስከዚያ ድረስ ምግቧን ማታ አቅርብላት። ትንሽ ፌንጣ ጭንቅላቷን ጨፍልቀህ የጎሬው አፍ ላይ ተዋት። ጠዋት ከሌለች በልታለች ማለት ነው። እዚያው ካለች አንሳት፣ ከሳምንት በኋላ ድገም። የጎሬው አፍ በድር ወይም በአፈር ከተደፈነ ቅርፊት ልትጥል ነው። ምግብ አትጣል፤ የአፈሩን አንድ ጥግ ብቻ በጥቂቱ አርጥብ። ስትከፍተው ሁለት ሳምንት ቆይተህ መመገብ ጀምር።